የኋላ መስታወት ሲከፈት ጆሮ የሚደበድበውን ንፋስ እንዴት ጸጥ እናሰኘው?

ጎንደር ላይ ከአዘዞ ወጥታችሁ ወደ ማክሰኝት ስትይዙ መንገዱ ለቀቅ ይላል። ፍጥነት ትጨምራላችሁ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ይሞቀውና መስታወቱን ያወርዳል። ያኔ ነው ዱብ ዱብ ዱብ የሚለው። ጆሮ ይደፍናል፣ ደረት ውስጥ ገብቶ ይመታል፣ ወሬ ያስቆማል። አንዳንዱ ሹፌር ጎማ የተነፈሰ መስሎት ዳር ይይዛል። አንዳንዱ ደግሞ በማግስቱ ጋራዥ ሄዶ ደህናውን ኩሽኔታ ያስቀይራል።

መኪናው ምንም አልሆነም። ድምፁን የሚፈጥሩት ንፋሱና ብቻውን የተከፈተው ያ መስታወት ናቸው። መፍትሔውም አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሳንቲም አያስወጣም፤ ሌላ መስታወት ትንሽ መክፈት ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን "ሌላ መስታወት ክፈት" የሚለው ምክር እኛ አገር ቀላል አይደለም። "ብርድ ይመታኛል" የሚል ሰው የሌለበት መኪና የት አለ? ስለዚህ ከሰው ጋር ያለውንም ጣጣ ጨምረን በቅደም ተከተል እንየው።

1. መጀመሪያ ድምፁ እሱ መሆኑን አረጋግጡ

ከተማ ውስጥ ይህን ድምፅ እምብዛም አትሰሙትም። ከፒያሳ ወደ ማራኪ ስትወርዱ ባጃጁ ግራና ቀኝ እየተጋፋችሁ 40 መድረስም ራሱ ሥራ ነው። ድብደባው ብዙ ጊዜ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይጀምራል፤ እስከ 100 ባለው መሃል ደግሞ ይበረታል። ከመኪና መኪና ይለያያል፣ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት።

ለሙከራ ቀጥ ያለና መኪና የማይበዛበት አስፋልት ምረጡ። ብቻችሁን አትውጡ። ሹፌሩ ይንዳ፣ መስታወቱን ሌላ ሰው ይክፈት ይዝጋ። በመጀመሪያ ሁሉንም መስታወት ዝጉና ፍጥነቱን 70 አካባቢ አቆዩት። ከዚያ ከኋላ አንዱን ብቻ እስከ ታች አውርዱ። ድብደባው ከመጣ፣ ፍጥነቱን ሳትቀይሩ መልሳችሁ ዝጉት። ወዲያው ጥፍት ካለ ነገሩ ተገኝቷል ማለት ነው።

መስታወት ሁሉ ተዘግቶም የሚቀጥል ድምፅ ሌላ ጉዳይ ነው። የኩሽኔታ ድምፅ ወጥ ሆኖ ያጉረመርማል፣ ከፍጥነቱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፣ መታጠፊያ ላይ መሪውን ወደ አንድ ወገን ስታዞሩ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። መስታወት ብትከፍቱም ብትዘጉም ግድ የለውም። የጎማ ችግር ደግሞ መሪ ላይ ወይም መቀመጫ ላይ በመንቀጥቀጥ ይታወቃል። ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ከተቀደደ ቆማችሁ ነዳጅ ስትሰጡትም ይጮኻል። መስታወት ተዘግቶ ቀጭን ፉጨት ከመጣ የበሩ ወይም የመስታወቱ ጎማ ደርቆ አየር እያሳለፈ ነው፤ እሱም ከንፋስ ይምጣ እንጂ የዛሬው ጉዳያችን አይደለም።

በስልክ ቀርጻችሁ ለመካኒክ ልትልኩ ካሰባችሁ ይቅርባችሁ። የዚህ ድብደባ ምት በጣም ዝቅተኛ ነው፣ በሴኮንድ ከ10 እስከ 25 ጊዜ ገደማ። የሰው ጆሮ በደንብ መስማት የሚጀምረው ከ20 አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ከመስማት ይልቅ በጆሮ ታምቡርና በደረት የሚሰማን። የስልክ ማይክ ይህን አይዝም፤ ተቀርጾ የሚመጣው ተራ የንፋስ ሹሹታ ነው። መካኒኩም ሰምቶ "ምንም የለውም" ይላችኋል። ሲጀመር እውነቱን ነው።

ከሊማሊሞ ጋርም አታምታቱት። ከደባርቅ አልፋችሁ ያን ጠመዝማዛ ስትወርዱ ጆሮ የሚደፈነው ከፍታው በፍጥነት ስለሚቀንስና የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር ነው። ምራቅ ስትውጡ ወይም ስታዛጉ ይከፈታል። የመስታወቱ ድብደባ ግን መቶ ጊዜ ብታዛጉም አይለቃችሁም።

2. ለምን እንደሚሆን በአጭሩ ያዙ

ይህን ክፍል መዝለል ይቻላል። ግን ምክንያቱን የያዘ ሰው መላውን ራሱ ይፈጥራል፣ ስለዚህ ባትዘሉት እመርጣለሁ።

ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አፉ ላይ ስትነፉ "ቡ" ይላል። መኪናውም ያው ጠርሙሱ ነው፣ የተከፈተው መስታወት ደግሞ አፉ። ጠርሙሱ ትንሽ ስለሆነ ድምፁ ይሰማል፤ የመኪናው ሆድ ሰፊ ስለሆነ ግን ምቱ በጣም ይወርድና ድብደባ ይሆናል። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናው ጉዳይ ነው፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

እንዲህ ነው የሚሆነው። በመኪናው ጎን የሚያልፈው ንፋስ የተከፈተው መስታወት የፊት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከአካሉ ይላቀቅና ትንንሽ አዙሪት ይሠራል። አዙሪቱ ክፍተቱን አቋርጦ የኋላውን ጠርዝ ይመታል። ያኔ አየር ወደ ውስጥ ይገፋል። ውስጥ የታመቀው አየር ደግሞ መልሶ ወደ ውጪ ይገፋል። ይህ መመላለስ የመኪናው ሆድ ካለው የራሱ ምት ጋር ሲገጥም ግን አንዱ ሌላውን እያገዘ ያድጋል፣ ያድግና ጆሮ የማይችለው ይሆናል። ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ሰው ከዚህ ድምፅ ጋር ረጅም መንገድ ሲሄድ ራሱን ቢያመው ወይም ቢደክመው አይገርምም።

ከዚህ ሦስት ነገር ይወጣል፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ የሚቆመውም በእነሱ ላይ ነው። የታመቀው አየር ሌላ መውጫ ካገኘ ምቱ ይሞታል። የክፍተቱ ስፋት ከተለወጠ ምቱ ይለወጣል። ፍጥነት ከተለወጠ ደግሞ አዙሪቱና ሆዱ ይተላለፋሉ።

የኋላው ለምን ይብሳል? ከፊት ስፖኪዮውና የፊት መስታወቱ ምሰሶ ንፋሱን ቀድመው ይበትኑታል። የኋላው መስታወት ጋ የሚደርሰው ንፋስ ግን የመኪናውን ጎን ይዞ ረጋ ብሎ የመጣ ነው። ረጋ ያለ ንፋስ አዙሪቱን በሥርዓት ይሠራል።

"የድሮ መኪና እንዲህ አይልም ነበር" የሚሉ ትልልቅ ሰዎችም እውነት አላቸው። ላዳና ቮልስ በየስንጥቁ ንፋስ ያሳልፉ ነበር። በዚያ ላይ ከፊት በር ላይ ያችን ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስታወት ነበራቸው፣ በጣት ገፋ አድርጎ መክፈት ነው። የዛሬ መኪና ግን እንዳያፈስ እንዳይጮህ ተብሎ ጥብቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ጠርሙሱ ቀዳዳ የለውም። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ሞተሩ ስለማይጮህ ድብደባው ጎልቶ ይሰማል። በ2024 እ.ኤ.አ. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ኤሌክትሪኩ እየበዛ ስለሆነ፣ "አዲሷ መኪናዬ ምን ሆነች" የሚለው ጥያቄም አብሮ መብዛቱ አይቀርም።

3. በተቃራኒው በኩል ከፊት ትንሽ ክፈቱ

ዋናው መላ ይሄ ነው። ከኋላ ቀኝ ከተከፈተ የሹፌሩን መስታወት ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉ። ከኋላ ግራ ከተከፈተ ደግሞ ጋቢና የተቀመጠው ሰው የራሱን ያውርድ። በቂ ነው። ብዙ መኪና ላይ ገና ሁለተኛው መስታወት ከጎማው ሲላቀቅ ነው ዱብ ዱቡ የሚቆመው። የሚቀረው ተራ የንፋስ ድምፅ ነው፤ እሱን ማጥፋት የሚቻለው በመዝጋት ብቻ ነው።

ለምን በተቃራኒው? በአንድ በኩል ያሉ የፊትና የኋላ መስታወቶችም ይሠራሉ፣ ግን አግድም ሲሆን አየሩ መኪናውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ሙቀቱንም ይዞት ይወጣል። ከሰኔ በፊት ባለው ሙቀት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ጣት ካልበቃ አንድ ጣት ጨምሩ። እስከ ታች ማውረድ አያስፈልግም። ሁሉንም አራቱን መክፈትም ይሠራል፣ ግን ያኔ ወረቀቱም ሻሹም ይበራል፣ እርስ በርስም አትሰማሙም።

ሹፌር ሆይ፣ በበርህ ላይ የሁሉም መስታወት ማዘዣ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ ዓይንህን ከመንገድ ሳታነሳ በጣትህ ዳብሰህ ነካ ማድረግ ነው። በእጅ የሚዞር ከሆነ ግን የቀኙን ለመክፈት እየነዳህ እንዳትንጠራራ። ወይ ሰው ይክፈተው ወይ ዳር ያዝ።

4. ካልሆነ ያንኑ መስታወት ከፍ ዝቅ አድርጉት

ሌላ መስታወት የሚያስከፍት ካጣችሁ፣ የተከፈተውን ራሱን አስተካክሉ። እስከ ታች የወረደ ከሆነ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ መልሱት፤ የሆነ ቦታ ላይ ድብደባው ይቆማል። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ትንሽ ብቻ ክፍት ሲቀር ነው። ስታገኙት ቦታውን አስታውሱ። በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ ምልክት ማድረግም ይቻላል፣ በተለይ ቤተሰብ የሚጋራው መኪና ከሆነ። ልጆች "እስከ ፕላስተሩ" ሲባሉ ይገባቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ ፍጥነት ነው። 80 ላይ የሚደበድብ መኪና 65 ላይ ዝም ሊል ይችላል። ወደ ላይ ከፍ ስትሉም ሊጠፋ ይችላል፣ ግን ድምፅ ለማጥፋት ብላችሁ ፍጥነት አትጨምሩ። በጎንደር መንገድ ላይ አህያም ከብትም ተማሪም አለ። ቀንሱ።

5. የተሳፋሪውን ፖለቲካ በጥበብ ያዙት

እውነቱን ለመናገር ከባዱ ክፍል ይሄ ነው። ንፋሱን ማሳመን ይቀላል።

ሚኒባስ ውስጥ ከመሃል የተቀመጠ ወጣት መስኮት ይከፍታል። ከኋላው ያሉት እናት ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ይስባሉ። ዱብ ዱቡ ይጀምራል። አሁን ሁለተኛ መስኮት ክፈቱ ቢባል መኪናው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን "ታፈንን" ይላል፣ ሌላው "ብርድ ልታስመቱን ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ ዘጊው ያሸንፋል፣ ከዚያ ሁሉም በላቡ ይጓዛል።

በመጀመሪያ ማንን እንደምትጠይቁ ምረጡ። ሁለተኛው መስኮት ከማንም አንገት ጀርባ መሆን የለበትም። ከሁሉ የሚሻለው የጋቢናው ነው፣ ከፊቱ ሌላ ተሳፋሪ የለምና ከፊት የተቀመጠው ሰው ራሱ ከፈለገ ይቆጣጠረዋል። ረዳት ከሆናችሁ ጥያቄውን ለሹፌሩና ለጋቢናው ሰው አቅርቡ እንጂ ለመኪናው ሁሉ አትወርውሩት። ለሁሉ የተወረወረ ጥያቄ መልሱ "አይከፈትም" ነው።

ቀጥሎ በቁጥር ተናገሩ። "መስኮት ልክፈት?" ሲባል ሰው የሚታየው ወለል ብሎ የተከፈተ መስኮት ነው። "እናቴ፣ ሁለት ጣት ብቻ፣ ይሄ ጆሮ የሚመታው እንዲቆም ነው" ስትሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጋቢ የደረቡ አባት ካሉ "አባቴ፣ ካልተመቸዎት ወዲያው እዘጋዋለሁ" በሉ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። አንዴ ድብደባው ሲቆም ራሳቸው ይሰሙታል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም፣ እንዲያውም "እንዲያ ነው እንጂ" የሚል ይመጣል።

እኔ በግሌ ዘጊው ሁልጊዜ ያሸንፍ በሚለው አልስማማም። ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ተዘግቶ በሚሄድበት መኪና ውስጥ የአንዱ ሳል የሁሉ ነው። ቲቢን የመሰለ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ የሚወደው እንዲህ ያለውን የታፈነ ቦታ ነው። የጤና ባለሙያዎች መስኮት ክፈቱ የሚሉት በከንቱ አይደለም። ሁለት ጣት ከፊት፣ ሁለት ጣት ከኋላ፤ ንፋሱም ቀስ ያለ፣ ድብደባውም የሌለ፣ አየሩም የተለወጠ። በዚህ ሁለቱም ወገን ሊስማማ ይችላል።

የዶልፊን ወይም የአባዱላ መስኮት እንደ ትንሽ መኪና ወደ ታች አይወርድም፣ ወደ ጎን ነው የሚንሸራተት። እዚያ ላይ ሁለቱንም አሰላለፍ ሞክሩ። የፊተኛውን ግማሽ ስባችሁ ስትከፍቱና የኋለኛውን ስትከፍቱ ድምፁ አንድ አይሆንም። ጸጥ ያለውን ያዙ። ነፋሱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ መዳፋችሁን በየመቀመጫው ትከሻ ከፍታ ላይ ዘርጉ። ብርድ የሚፈራውን ሰው ከዚያ መስመር ማስወጣት ብዙ ጊዜ ከመከራከር ይቀላል።

6. ጣሪያው የሚከፈት ከሆነ

ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው የሚመጡ እንግዶች አሉ። ከመኪኖቻቸው አንዳንዱ ጣሪያው ላይ የሚከፈት መስታወት አለው። ይሄም ያንኑ ድብደባ ያመጣል፣ ምክንያቱም ያው አንድ ነው።

ጣሪያውን ስትከፍቱ ከፊት ጠርዙ ላይ ብቅ የምትል ትንሽ ከለላ ወይም መረብ አለች። ሥራዋ ንፋሱን ከክፍተቱ በላይ ማንሳትና መበተን ነው። አቧራ ገብቶባት ወይም ስፕሪንጓ ደክሞ ካልተነሳች ድምፁ ይብሳል። በእጅ ተጭናችሁ ስትለቋት መነሳት አለባት። ካልተነሳች በለስላሳ ብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ አጽዷት። ከዚያ ጣሪያውን እስከ መጨረሻው አትክፈቱ፤ ጥቂት ሲቀረው አቁሙት። ብዙ መኪኖች ቁልፉን አንዴ ስትጫኑት ራሳቸው እዚያ ላይ የሚቆሙት ለዚሁ ነው። ወይም ከኋላ ከፍ የሚለውን አከፋፈት ተጠቀሙ። አሁንም ካለ አንድ መስታወት ሁለት ጣት።

እና ልጆችን በጣሪያ በኩል አታቁሙ። በፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ ሰልፉ ቀስ ሲል ያምራል፣ አንዲት ድንገተኛ ፍሬን ግን ትበቃለች።

7. ቋሚ መፍትሔ ለምትፈልጉ፦ ከለላ

መስታወቱ ላይኛ ጠርዝ ላይ የሚለጠፈውን ጥቁር የፕላስቲክ ከለላ ታውቁታላችሁ። ሰው ለዝናብ ብሎ ነው የሚገዛው፣ በክረምት መስታወት ትንሽ ከፍቶ ለመሄድ። ለድብደባውም ያግዛል፣ ግን ለሁሉም አይደለም። መስታወቱን ከላይ ትንሽ ከፍታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጥሩ ነው። እስከ ታች አውርዳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን ክፍተቱ ከከለላው በታች ስለሚቀር ብዙ አትጠብቁ።

የኋላውን ድብደባ ለማጥፋት ዋናው ቦታ ከኋላ መስታወት ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ነው፣ የፊትና የኋላ በር የሚገናኙበት። ንፋሱ ክፍተቱ ላይ ከመድረሱ በፊት እዚያ ላይ ከተበተነ አዙሪቱ ሥርዓቱን ያጣል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በነጻ ሞክሩት። ጣት የምታህል ውፍረት ያላት ረጅም የስፖንጅ ቁራጭ ውሰዱ፤ የኋላው በር የፊት ጠርዝ ላይ፣ ከመስታወቱ አጠገብ፣ ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጋችሁ በጠንካራ ፕላስተር ለጥፏት። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ እንዳትነካካ አረጋግጡ። ከዚያ ያንኑ የሙከራ መንገድ በዚያው ፍጥነት ድገሙት። ከቀነሰ ለዚያ ቦታ የሚሆን ከለላ መፈለግ ዋጋ አለው። ካልቀነሰ ገንዘባችሁ ተረፈ። ስፖንጇን ከሙከራው በኋላ አንሷት፤ ዝናብ ከጠጣች ቀለም ታበላሻለች፣ ከተነቀለች ደግሞ ከኋላ ላለው ሰው ጣጣ ነው።

ከለላ ስትገዙ ለመኪናችሁ ሞዴል የተሠራ መሆኑን ተጠንቅቃችሁ እዩ። የቪትዝ ከለላ ኮሮላ ላይ አይገጥምም። ባለሱቁ "ትንሽ ታጠፍ ታደርጋታለህ" ካላችሁ ተዉት። ፕላስቲክ ታጥፎ ሲለጠፍ ከቀናት በኋላ ጫፉ ይነሳና ራሱ መፏጨት ይጀምራል። ከፊት በር ላይ የሚለጠፈው በጣም ሰፊና ጥቁር እንዳይሆን፤ ስፖኪዮ የምታዩበትን ቦታ ከያዘ አይሆንም።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው። መኪናው ታጥቦ ይድረቅ። የሚለጠፍበትን ቦታ በአልኮል ጥረጉ፣ ሰም ወይም ቅባት ካለ አይይዝም። ሳትልጡ አስቀድማችሁ ቦታው ላይ ለኩት። ከዚያ የሙጫውን መሸፈኛ ከሁለቱም ጫፍ ትንሽ ብቻ ላጡ፣ አስተካክሉ፣ ቀሪውን እየሳባችሁ በአውራ ጣት ጠንክራችሁ ተጫኑ። የጎንደር ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ሙጫ ደግሞ ቅዝቃዜ አይወድም። ቀትር ላይ፣ መኪናው ጸሐይ ከነካው በኋላ ሥሩት። ከለጠፋችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ አታጥቡት፣ መስታወቱንም እስከ ላይ ዘግታችሁ አቆዩት።

8. መተማ መንገድ ላይ ሂሳቡ ይለወጣል

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መስታወት መክፈት ብቻውን ይበቃል። በጭልጋ በኩል ገንዳ ውሃ አልፋችሁ መተማ ስትደርሱ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ናችሁ፤ ከመስኮት የሚገባው ንፋስ ራሱ ትኩስ ነው። እዚያ ፈጣን መንገድ ላይ ከሆናችሁና ኤሲው የሚሠራ ከሆነ፣ መስታወቱን ዘግታችሁ ኤሲ ክፈቱ። መስታወት ከፍቶ በፍጥነት መሄድም መኪናውን ንፋስ እያስጎተተ ነዳጅ ይበላል፣ ኤሲ ብቻ ነው የሚበላ አይምሰላችሁ። መኪናው ጸሐይ ላይ ቆሞ ከነበረ ግን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች አራቱንም ከፍታችሁ ያን የታመቀ ሙቀት አስወጡት፣ ከዚያ ዝጉ።

አቧራማ መንገድ ላይ ከፊታችሁ መኪና ካለ ሁሉንም ዝጉና አየሩ ውስጥ ለውስጥ እንዲዞር አድርጉ። አቧራው ሲያልፍ መልሳችሁ ክፈቱት፣ ረስታችሁት ስትሄዱ ሹፌሩ ድብርት ድብርት ይለዋል።

9. እንዳታደርጉ

ድብደባውን ለማስተንፈስ ብላችሁ የኋላውን የዕቃ በር ከፍታችሁ ወይም ገርበብ አድርጋችሁ አትንዱ። የጭስ ማውጫው እዚያው ሥር ነው። ጭሱ ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም፣ ሰው ይገድላል። ረጅም ዕቃ ጭናችሁ በሩ አልዘጋ ካለም ያው ነው። የሚኒባስ በር ከፍቶ መሄድ ደግሞ ምን ይባላል።

መስታወት ላይ ፎጣ ወይም ነጠላ አንጠልጥሎ መዝጋትም አይሠራም። ይወዛወዛል፣ የሹፌሩን እይታ ይይዛል፣ በመጨረሻም ይበራል። ሙዚቃ ከፍ ማድረግ ድብደባውን አያጠፋም፤ በላዩ ላይ ሌላ ድምፅ ይጨምራል እንጂ። ልጆች ከኋላ ካሉ የመስታወቱን መቆለፊያ ሹፌሩ ጋ ዝጉት። ሕፃን ይህ ግፊት ጆሮውን ሲያስጨንቀው መናገር አይችልም፣ ስለዚህ ሳይታወቅ በድንገት ማልቀስ ከጀመረ መጀመሪያ የተከፈተውን መስታወት እዩ።

10. ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልቆመ

ያኔ ወደ ጋራዥ ሂዱ። ግን "መኪናዬ ይደበድባል" ብላችሁ አትግቡ፤ እንዲያ ካላችሁ ከሥር ተጀምሮ ሁሉ ይፈታል። እንዲህ በሉ፦ "የኋላ ቀኝ መስታወት ብቻውን ሲከፈት፣ 70 ላይ ይጀምራል፣ የሹፌሩን ስከፍት ይቀንሳል ግን አይጠፋም፣ ሁሉም ሲዘጋ የለም።" በእናንተ መኪና የሚሆነውን በዚሁ አኳኋን ተኩት። መጀመሪያ የሚታየው የመስታወቱ ጎማ በቦታው መሆኑ፣ ከበሩ ጎን የተላቀቀ ፕላስቲክ መኖሩ፣ ከዚህ በፊት የተለጠፈ ከለላ ካለ ጫፉ መነሳቱ ነው። መካኒኩ ካላመናችሁ ይዛችሁት ውጡ። እሱ ይንዳ፣ እናንተ ከኋላ ሆናችሁ መስታወቱን ክፈቱለት።